እኔ፣ ወንድሜና ለስላሳው ማዳመጫ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ስሟን ብጠራ የሚከፋው ሹም አይጠፋም፤ ካልጠራሁ ግን እያንዳንዱ ሹም ስለ ጎረቤት ከተማ የተጻፈ መስሎት በሰላም ያነበዋል። ይህን ያህል ብቻ ልበል፤ ዳገት ላይ ናት፣ ነፋስ ይበዛባታል፣ ሰዎቿ ደጎችና ነገረኞች ናቸው። እኔ ያየህ እባላለሁ፤ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ ስለ ሕጋችን ላስረዳ። በእኛ ከተማ ሙግት በዳኛ አይታይም። ድሮ ዳኛ ነበረን ይባላል፤ ነገር ግን ዳኛው ሁለቱን ወገን ከሚሰማ ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው ቢሰማሙ ይረክሳል ተባለና ቀረ። በዳኛ ፋንታ የጆሮ አዳራሽ አለን። የተጣሉ ሁለት ሰዎች እዚያ ይሄዱና በአንድ አግዳሚ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ገመድ አልባ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ያጠልቃሉ። ከማዳመጫው ወደ አፍ የምትወርድ ቀጭን ዘንግ አለች፤ በእሷ አንዱ የሚናገረው በሌላው ጆሮ ይገባል። እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ፣ ያስረዳሉ፣ ያለቅሳሉ። ቀድሞ ያወለቀ ተረታ፤ የተጣሉበትን ነገር ላላወለቀው ይለቃል። ሕጉ ይኸው ነው።

የቀድሞውን ማዳመጫ «ቆንጣጩ» እንለው ነበር። ጆሮ ይቆነጥጣል፣ አንገት ያጎብጣል፣ ሲሞቅ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ከዚያ በላይ ደግሞ ምንም ነገር አይደብቅም ነበር። የባላጋራህ ትንፋሽ፣ ምራቁን ሲውጥ፣ ሆዱ ሲጮህ፣ ልቅሶ ሲተናነቀው፣ ሁሉም ጆሮህ ውስጥ ነው። በቆንጣጩ ዘመን ከጠዋት ተጀምሮ ምሳ ያለፈ ሙግት በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ሰው የበሬ ክስ ይዞ ገብቶ፣ የባላጋራው አንጀት ሲጮህ ሰምቶ አዘነና አውልቆ ምሳ ጋበዘው። በሬውን አጣ፤ ሰውየው ግን እስከ ዛሬ ያርስለታል።

ችግሩ ቆንጣጩ ያማል። ይህን ማንም አይክድም። ሕዝቡ ስላጉረመረመ የጆሮ ሹማችን አቶ ፈጠነ ማዳመጫ ወደሚሠራበት ሩቅ አገር ተጉዘው አዲሱን ሞዴል ይዘው መጡ። «ለስላሳው» ተባለ። በሰባት ቀለም የተሠራ ነው፤ ክብደቱ ከዳቦ ቅርፊት አይበልጥም፤ ባትሪው ወር ይቆያል። ስታጠልቀው አንዲት ሴት በሐር ድምፅ ሰላም ትልሃለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫጫታ ያጠፋል። አቶ ፈጠነ በምረቃው ቀን ሪባን ቆርጠው «ከእንግዲህ ሙግት አያምም» ሲሉ አጨበጨብን። እኔም በሁለት እጄ አጨብጭቤያለሁ። ይህን የምናገረው ከመጀመሪያው የነቃ ብልህ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው። ቆንጣጮቹ ተሰብስበው የአዳራሹ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ማንም አላወለቀም። ምን በወጣው? አያምም፣ አይከብድም። በወሩ መጨረሻ አቶ ፈጠነ ሪፖርት አቀረቡ፤ «በዚህ ወር አንድም ተሸናፊ አልተመዘገበም።» ከተማው ተደሰተ፤ ተሸናፊ የሌለበት ከተማ መቼም የትም ታይቶ አይታወቅም። አዳራሹ ስለጠበበ ግድግዳው ተገፍቶ አግዳሚ ተጨመረ። በአንድ አውራ ዶሮ የተካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች ሴቶች ከተቀመጡ ስልሳ አንድ ቀን ሞላቸው፤ ዶሮው በመካከሉ ሞተ፣ ግን መርዶው በሙግቱ ላይ ተጽዕኖ ያሳድራል ተብሎ አልተነገራቸውም። ሊፋቱ የገቡ ባልና ሚስት ደግሞ በትዳራቸው እንደዚህ ያለ መልካም አርባ ቀን አሳልፈው እንደማያውቁ በጽሑፍ ገልጸው እንዲራዘምላቸው ጠየቁ። ተራዘመላቸው።

የእኔና የወንድሜ የሙላት ሙግት የመጣው በዚህ ሰላማዊ ዘመን ነው።

አባታችን ሲሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሙላት አሥራ ዘጠኝ። ዳቦ ቤቱንም እኔንም አንድ ላይ ወረሰ ማለት ይቻላል። ሊጥ ማሸት፣ የምድጃ ሙቀት በክንድ መለካት፣ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከእሱ ሌላ ዘመድ የለኝም፤ ከመጋገር ሌላም ሥራ አላውቅም። የተጣላነው በጨው ነው። ጨው አበዛህ አለኝ፤ እጅህ ሳስቷል አልኩት። «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ብዬ ደግሞ በደንበኛ ፊት ተረትኩበት። ያ አጥንቱ ድረስ ገባ። በሳምንቱ ጨዉ ተረስቶ ምድጃው የማን ነው ወደሚል ተሻገርን። አዳራሹ ዳቦ ቤቱን አሸገው። ሕጉ ሙግት የገጠመ ሰው ከአዳራሽ ውጭ ከባላጋራው ጋር እንዳይነጋገር ስለሚከለክል፣ እስክንገባ ድረስ አራት ቀን በአንድ ጣራ ሥር እንደ ድመትና ውሻ እየተያየን ከረምን።

ተቀመጥን፤ አጠለቅን። ለእኔ የደረሰኝ አረንጓዴ ነበር። ሴትየዋ «እንኳን ደህና መጡ፤ ምቹ ሙግት ይሁንልዎ» አለችኝ። ከዚያ የሙላት ድምፅ «ያየህ» ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ቅጠል ላይ የሚወርድ፣ ቀስ ያለ፣ ደግ ዝናብ። እስኪያባራ ጠበቅሁ፤ አላባራም። ዝም ያለ መሰለኝ።

እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ለአራት ቀን ያቦካሁት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱ በተለይ ስለ ጢሙና ስለ እርሾ የሚናገረው ዛሬም ይቆጨኛል፣ ጥሩ ስድብ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አወረድኩበት። መልሱ ዝናብ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ንቆኛል አልኩ። ያሳደገኝ ሰው፣ ከጀርባዬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ስድብ እንኳ ነፈገኝ። እልህ ያዘኝ፤ ጢሜ ወለል እስኪጠርግ እቀመጣለሁ እንጂ ከእንግዲህ አንድ ቃል አይሰማኝም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

እውነቱን ለመናገር ምቾቱ ያሳፍር ነበር። ባለ ትራስ አግዳሚ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ምስር ወጥ፣ ዝናብ። በየሰዓቱ ሴትየዋ ባትሪዬ ሙሉ መሆኑን ታበስረኛለች። እንቅልፍ በዛብኝ። ከኋላዬ የተቀመጠው ማን እንደሆነ የምረሳበት ጊዜ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ምስሩ አስጠላኝ፤ ሳህኔ እንደመጣ ይመለስ ጀመር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጤናዬ ደህና ነበር።

ሕጋችን ጨካኝ ስላልሆነ ወደ ጓሮ ሲኬድ ማውለቅ ይፈቀዳል። የጓሮውን በር ከኋላህ ዘግተህ ማዳመጫውን በውጭ በኩል በሩ ላይ ትሰቅላለህ፤ ስትመለስ አጥልቀህ ትገባለህ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከምሳ ሰዓት በፊት እጄን ስታጠብ እትዬ አስካለ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። እትዬ አስካለ በቆንጣጩ ዘመን የአዳራሹ ጠጋኝ ነበረች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ነገር እየፈታች ስትገጥም ኖራለች። ለስላሳው ብሎን የለውም፣ አይፈታም። ስለዚህ አቶ ፈጠነ ከዘመኑ ጋር እንድትራመድ ብለው መጥረጊያ ሰጧት። በአዳራሹ ውስጥ ባዶ ጆሮ ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

«ያየህ፣ ለመሆኑ እዚያ ውስጥ ምን ይሰማሃል?» አለችኝ።

«ዝናብ።»

«ሌላስ?»

«ባትሪው ሙሉ ነው ትለኛለች።»

«ወንድምህስ?»

«እሱማ ኮርቶብኛል። ከገባን ጀምሮ ስሜን ጠርቶ ሌላ አልተነፈሰም።»

መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ቆማ አየችኝ። ሰው እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

«አፉ ተዘግቶ አያውቅም እኮ» አለች። «ጠዋት በር ስከፍት ያወራል፣ ስጠርግ ያወራል። ድምፁ አልቆ አሁንማ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆኗል።»

«ምን ይላል?»

«የሰው ሙግት ማዳመጥ ሥራዬ አይደለም፤ እኔ ጠራጊ ነኝ። ግን ያለቅሳል።»

«ታዲያ ለምን አይሰማኝም?»

«ጫጫታ ያጠፋል ሲሉ አጨብጭበህ አልነበር? ጫጫታ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ማን ነው? በተሠራበት አገር ሰው ሲያወራ ዝግ ብሎ ይሆናል። የሚያለቅስ፣ የሚጮህ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሁሉ ለዚህ ነገር ነፋስ ነው። ዝናብ ያለብሰዋል። እኔ በመጣ በሳምንቱ ለአቶ ፈጠነ ነግሬያቸዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

በጓሮ በኩል ዞሬ ወደ አቶ ፈጠነ ቢሮ ሮጥኩ። ወርቃማውን አጥልቀው ተቀምጠዋል፤ ሹም ለአርአያነት ቀኑን ሙሉ እንዲያጠልቅ ደንብ አውጥተው ነበር። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ወንድሜ አሥራ ስምንት ቀን ሲያለቅስ ዝናብ ስታሰሙኝ ነበር አልኩ። ድምፄ ከፍ ሲል ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ።

«እንዴት ያለ መልካም ዝናብ ነው» አሉ ለራሳቸው።

ገባኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ መርዶ ሊነግር እንደመጣ ሰው ዝግ ብዬ፣ «አቶ ፈጠነ፣ ማዳመጫው የሰው ድምፅ እየዋጠ ነው» አልኩ።

ዓይናቸውን ከፈቱ። «አቤት፣ አቶ ያየህ? መቼ ገቡ? ይገርማል፤ ለስላሳው ከመጣ ጀምሮ አንድም ቅሬታ አልሰማሁም።»

«ይህ ቅሬታ ነው።»

«ይህማ አስተያየት ነው፤ በጨዋ ደንብ ነው የተናገሩት። ቅሬታ ቢሆን ኖሮ እሰማው ነበር?» ራሳቸውም መልሱን ትንሽ ያሰቡበት መሰለኝ፤ ግን ቶሎ አለፈላቸው። «ካልተመቸዎ መፍትሔው በእጅዎ ነው፤ ያውልቁት። ደግሞም ትንሽ ይታገሡ፣ ሦስተኛው ሞዴል በመንገድ ላይ ነው። ነጎድጓድም አለው።»

ወደ ጓሮው በር ተመልሼ አረንጓዴውን አጠለቅሁ፤ ሕግ ነውና። ገብቼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቀጠለ። በወንድሜ ለቅሶ ላይ እየዘነበ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ድምፁ አስቀየመኝ። ቢሆንም ወዲያው አላወለቅሁም፤ ደግ ሰው መስዬ መተረክ አልፈልግም። ምድጃውን አሰብኩ። ጠዋት ጠዋት በሩ ሲከፈት ፊቴን የሚመታኝን ሙቀት አሰብኩ። ባወልቅ ያ ሁሉ የሙላት ነው፤ እኔ በአርባ ዓመቴ የሰው ሊጥ ተሸካሚ እሆናለሁ። አሥራ ስምንት ቀን የተቀመጥኩትስ በከንቱ ሊሆን ነው? እንዲህ እያልኩ ቆየሁ። ከጀርባዬ ግን አግዳሚው በትንሹ ይነቃነቅ ነበር። እስከዚያ ቀን ነፋስ ይመስለኝ የነበረው መነቃነቅ፣ ሰው ሲያለቅስ ትከሻው የሚያነቃንቀው ነበር።

አወለቅሁት።

መጀመሪያ የሰማሁት ሙላትን አልነበረም፤ አዳራሹን ነው። ጸጥ ያለ መስሎኝ አሥራ ስምንት ቀን የተኛሁበት ቤት ገበያ ሆኖ ቆየኝ። መቶ የሚሆን ሰው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ በአንድ ላይ ያወራል፣ ይለምናል፣ ይምላል፣ ይነፋረቃል፤ አንዱም አይሰማም። ከዶሮ ከሳሾቹ አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ «ዶሮውን ውሰጂው እቴ፤ እኔን የከፋኝ ልጅሽን ስትድሪ ሳትጠሪኝ መቅረትሽ ነው» ትላለች። ጓደኛዋ በሌላ በኩል አገጯን በእጇ ደግፋ በፈገግታ ዝናብ ታዳምጣለች።

ከዚያ ሙላትን ሰማሁት። ከጀርባዬ ባይመጣ ድምፁን አላውቀውም ነበር ማለት ይቻላል፤ ተሰነጣጥቆ አልቋል።

«...ምድጃው ውስጥ አይጥ ገብቶ ይሆናል፤ ማን ያየዋል? ያየህ፣ ጨውን እንደሆነ አንተ ነህ ልክ። ስነግርህ ይኸው አሥራ ስድስት ቀኔ። አርጅቼ ምላሴ ጣዕም ስቶ ነው እንጂ ጨው አላበዛህም። ዳቦ ቤቱንም ውሰደው ብያለሁ። አሁኑኑ ማውለቅ እችላለሁ። ግን እንደተኳረፍን ባወልቀው በረከት አይኖረውም፤ ቂም ይዘን እንለያያለን። አንድ ቃል በለኝና አወልቃለሁ። ስድብም ይሁን። ትናንት ደግሞ ሳህንህ ሳይነካ ሲመለስ አየሁት። ዛሬስ በልተሃል?»

መልሴን ጠበቀ። ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና ስለ ምድጃው ከመጀመሪያው ጀመረ።

የተሸናፊ ደወል ተደወለ። አቶ ፈጠነ መዝገባቸውን ይዘው ወጡ። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ተሸናፊ እኔ ነኝ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ፣ ተሸናፊ የሌለበትን ከተማ ያበላሸሁባቸው እኔ ነኝና። በኋላ ግን መላ አገኙለት። የእኔና የሙላት ፎቶ ተሰቅሎ «ለስላሳው አስታረቃቸው» ተብሎ ተጻፈበት። እስከ ዛሬ በከተማችን ሦስቱም መግቢያዎች አለ፤ በፎቶው ላይ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

ዳቦ ቤቱ ለሙላት መሆን ነበረበት፤ ግን ለእሱም አልሆነ። እኔ ቀጥዬ ባደረግሁት ነገር ምክንያት ለሁለታችንም ቀረ። በአዳራሽ ውስጥ የሌላን ሰው ጆሮ መንካት ከባድ ወንጀል ነው፤ ሙግቱን ያፈርሳል፣ ሙግት ከፈረሰ ደግሞ የተካሰሱበት ነገር ለአዳራሹ ገቢ ይሆናል። የአባታችን ዳቦ ቤት ዛሬ የሦስተኛው ሞዴል ማሳያ ክፍል ነው። ምድጃው ውስጥ መደርደሪያ ገብቶ ማዳመጫዎቹ በየቀለማቸው ተደርድረውበታል። ነጎድጓዱ ጥሩ ነው ይላሉ።

ይህ ሁሉ የመጣው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ሕጉን አላሰብኩትም። አግዳሚውን ተሻግሬ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜን ፊት ለፊት አየሁት። ጢሙ አድጓል፣ ግማሹ ሸብቷል፤ መቼ እንደሸበተ አላውቅም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ዓይኑን ጨፍኖ በዚያች ቀጭን ዘንግ ውስጥ ያወራል።

«ጋሼ» አልኩት።

አልሰማም። ሴትየዋ በዚያን ጊዜ ጆሮው ውስጥ እንኳን ደስ አለዎ አሸንፈዋል ብላው መሆን አለበት፤ ፊቱ ድንገት ተጨማደደና እንባው በጉንጩ ወረደ። ያለ አንድ ቃል ጥዬው የሄድኩ መስሎታል።

«ጋሼ ሙላት፣ ሰምቼሃለሁ» ብዬ ጮህኩ። ከጮህኩ ዝናቡ እንደሚበረታበት አውቃለሁ፤ ግን በለሆሳስ የሚናገር ጉሮሮ በዚያ ሰዓት ከየት ላምጣ? እሱ «አንድ ቃል ብቻ» ይላል፤ እኔ እጮሃለሁ፤ አቶ ፈጠነ ከኋላዬ ስለ መልካሙ አየር ለጸሐፊያቸው ይናገራሉ።

በሁለት እጄ ከጆሮው ላይ መንጭቄ አወለቅሁለት።

ደንግጦ ዓይኑን ከፈተ። እጄ ላይ ያለውን ነገር አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። አዳራሹ ይንጫጫል፤ እሱ ግን ያን ሁሉ ጫጫታ ትቶ አፌን ይጠብቅ ነበር።

«አልበላሁም» አልኩት።